ስድስት መቶ ሃምሳ ቢሞላ ነው

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ብዙ ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ። አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ስለዚህ እነሱ የሚያውቁት ታሪክ የሚያስቅ ነው፤ ወጣቱ አባታቸው ሽቦ ተሳስቶ ገዝቶ፣ ብረት አልጠነክር ብሎ ያስቸገረው። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። ዛሬ የምዘላትን ቦታ ሳልዘል ልጽፈው ነው፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ገርጂ ውስጥ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጠርኩ። ዛሬ ኢምፔሪያል ላይ መኪናው ተጠላልፎ፣ ሰው ከታክሲ እየወረደ በእግሩ ሲያቋርጥ ሳይ፣ ያኔ ከዚያ ወደ ውስጥ ሲገባ የነበረው ጭቃና የባሕር ዛፍ አጥር ትዝ ይለኛል። ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የሰው ድምፅ አይሰማም። ወሬ የጀመረ ሰው አፉን እንደከፈተ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ባላቸው ሲያርፉ ዘመድ አዝማዱ «ሽጪው» ቢላቸው፣ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው መጥተው ቁጭ አሉበት። ቆፍጣና ሴት ነበሩ። ስለ ብረት እምብዛም አያውቁም፤ ሰው ግን ያውቃሉ ይባልላቸው ነበር። እኔን የቀጠሩኝ አውቀው ይሁን ተሳስተው፣ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ቶርኖው ላይ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሳቱ ላይ ግን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ ሽኩር። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ስልሳን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው በእሳት ተለብልቦ ያለቀ። ሥራቸው ብረት ማጠንከር ነው። ከቶርኖ የወጣ ብረት ገና ለስላሳ ስለሆነ፣ ግሎ ሲቀላ ዘይት ውስጥ ይነከርና ይጠነክራል። እሳቱ ካነሰው አይጠነክርም፤ ከበዛበት ይሰነጠቃል። ጋሽ ሽኩር ይህን ልክ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀለሙ ሲለዩት ኖረዋል። አይተው «በቃ» ካሉ በቃ ነው። ሲጠራጠሩ ደግሞ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በሽቦ ያሰሯት አንዲት ማግኔት አለቻቸው። የሚበቃውን ያህል የጋለ ብረት ማግኔት አይዘውም፤ ከያዘው ገና ነው ማለት ነው። ይህችን ብልሃት በልጅነታቸው ከአንድ ጣልያን መካኒክ ነው የተማሯት።

እኔን ያስቀጠረኝ አዲሱ ምድጃ ነው። ወይዘሮ አስካለ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከውጭ አስመጥተው ነበር። ሙቀቱን በቀይ ቁጥር ያሳያል፤ የተባለው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ራሱን ያቆማል። ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። ዲፕሎማ ነው ያለኝ ብዬ ማንንም አላረምኩም። ጋሽ ሽኩርም «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር፤ እሳቸው ሲሉት ግን ትንሽ ሳቅ አለችበት።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሰኞ የምድጃው ቴርሞካፕል ሲቃጠል ነው። ለማያውቀው ልንገረው፤ ቴርሞካፕል ማለት ከተለያየ ብረት የተሠሩ ሁለት ሽቦዎች ጫፋቸው አንድ ላይ ተበይዶ ምድጃ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። ጫፉ ሲሞቅ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ውጭ ያለው መቆጣጠሪያ ያንን ለክቶ ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። ሽቦዎቹ እንደተሠሩበት ብረት በእንግሊዝኛ ፊደል ይጠራሉ። የእኛው ኬ ነበር።

በዚያው ሳምንት ስልሳ የባሌስትራ ፒን፣ የመኪና ሞላ የሚይዝ ብረት፣ ለአንድ ባለ ከባድ መኪና ማድረስ ነበረብን።

«እስከ ዓርብ ይደርሳል?» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ።

«ይደርሳል እትዬ፤ ምን ችግር አለው!»

ማክሰኞ ጠዋት በውይይት ታክሲ መርካቶ ወረድኩ። ኬ የለም። አንዱ ሱቅ «ሰው ሲመጣ አስመጣልሃለሁ» አለኝ፤ ሌላው ጭራሽ ስሙንም አልሰማም። ከቀትር በኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ ባለሱቁ አቧራውን እፍ እያለ አንድ ካርቶን አወጣልኝ። ላዩ ላይ ጄ የምትል ፊደል አለች።

«እኔ የፈለግኩት ኬ ነው» አልኩት።

የደረት ኪሴ ላይ የሰካኋትን እስክሪብቶ አየት አደረገና፣ «ኬም ጄም ያው ሁለት ሽቦ ነው ኢንጂነር። ጫፉ ተበይዷል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ።

የኮሌጅ ደብተሬ ላይ የነበረውን ሠንጠረዥ በልቤ አስታወስኩ። ኬ እስከ ሺህ ሁለት መቶ ዲግሪ ይችላል፤ ጄ እስከ ሰባት መቶ ሃምሳ ገደማ። እኛ የምንፈልገው ስምንት መቶ ሃምሳ ነው። ቢበዛ ቶሎ ይቃጠላል፣ ለአንድ ሳምንት ግን አያንስም ብዬ ገዛሁት። ፊደሉ የሚናገረው የሽቦውን ጽናት ብቻ መስሎኝ ነበር። በአንድ ዓይነት ሙቀት ጄ ከኬ የበለጠ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ፣ ለኬ የተሠራ መቆጣጠሪያ ጄ ሲገጠምለት ምድጃውን ከሆነው በላይ የሞቀ አድርጎ እንደሚያሳይ አላሰብኩም። ይህም ደብተሬ ላይ ነበር፤ ከሠንጠረዡ ቀጥሎ ባለው ገጽ። ፈተና ላይ አይመጣም ተባብለን የዘለልነው ገጽ ነው።

«አገኘህ?» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ ስመለስ።

«አገኘሁ» አልኩ። ሌላ ፊደል መሆኑን አልተናገርኩም። የማያውቀው ነገር ያጋጠመው ኢንጂነር ከምባል ዝም ማለትን መረጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ፒኖቹን አስገብተን ምድጃውን ለኮስነው። ሌላ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅበት ምድጃ፣ ገና ሰዓት ተሩብ ሳይሞላው ስምንት መቶ ሃምሳ አለ።

«ዛሬ ምነው ፈጠነ?» አሉ ጋሽ ሽኩር።

«አዲስ ዕቃ ነዋ ጋሼ! አዲስ ቶሎ ይሰማል።»

በሩን ከፈት አድርገው አጎንብሰው አዩ። ቆይተው ቀና አሉ። «ይሄ ቀለም አይደለም። ጠቁሯል።»

«ቁጥሩ ስምንት መቶ ሃምሳ ይላል እኮ።»

«ቁጥሩን ተወው። ይሄ ብረት ስድስት መቶ ሃምሳ ቢሞላ ነው።» ዘንጋቸውን ከምስማሩ አውርደው ማግኔቷን አስጠጉ። ጠቅ ብላ ተለጠፈች። «አየህ? ይዛዋለች።»

ቶርኖ ላይ ያሉት ልጆች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። እነሱ ባያዩን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

«ጋሽ ሽኩር፣ ዘመኑ የዲጂታል ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይቺን ማግኔት ጡረታ ያስወጧት!»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ሽኩር ዘንጉን ምስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉና ፒኖቹን እያወጡ ዘይት ውስጥ ነከሩ።

ሲቀዘቅዝ አንዱን ፒን ሞርሳ ላይ አስረው በሞረድ ፈተኑት። ብረቱ ከጠነከረ ሞረዱ ያንሸራትታል፤ ካልጠነከረ ይነክሰዋል። ነከሰው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ነከሰው። ወይዘሮ አስካለ ድምፁን ሰምተው ከቢሮ ወጡ።

«ምንድነው የሆነው?»

«አልጠነከረም። እሳቱ አንሶታል» አሉ ጋሽ ሽኩር።

«እሳቱ ልክ ነው እትዬ» አልኩ እኔ። «ያው ቁጥሩን ይዩት። ከምድጃ ወጥቶ ዘይት ውስጥ እስኪገባ ከተዘገየ ይቀዘቅዛል፤ አይጠነክርም።»

«እኔ አልዘገየሁም» አሉ ጋሽ ሽኩር።

ወይዘሮ አስካለ አንዴ እሳቸውን አንዴ ቀዩን ቁጥር አዩ። «ነገ ይደገም» ብለው ገቡ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሽኩር ቢሮ ድረስ ሄደው ጠየቁ። እኔም እዚያው ነበርኩ። «ለዛሬ ብቻ ለእኔ ተዉልኝ። ያንን ቁጥር በጨርቅ እንሸፍነውና እኔ በቀለሙ ላድርሰው» አሉ። ወይዘሮ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ከዚህ ካለፈ ይሰነጠቃል እትዬ። ስልሳውም ነው የሚበላሸው።»

እዚህ ላይ አልዋሸሁም፤ አምኜ ነው የተናገርኩት። አለማወቅ እንዲህ አፍ ሞልቶ ሲያናግር የሚያስፈራ ነገር ነው። ሁለተኛውም ዙር እንደ መጀመሪያው ለስላሳ ሆኖ ወጣ።

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ አስካለ ጋሽ ሽኩርን ምድጃው አጠገብ አቁመው ቀስ ብለው ተናገሯቸው። ቀስ ቢሉም ሁላችንም ሰማን።

«ጋሽ ሽኩር፣ ባለቤቴ ስምዎን ሲጠራ ወንድሜ እያለ ነበር። እኔም እንደዚያው። ግን ዓይንዎ ደክሟል። ማሽኑ ደርሷል እያለ እርስዎ አልደረሰም ይላሉ። እጅዎም እንደ ድሮው አይደለም። ከእንግዲህ ቢያርፉ ይሻላል።»

«ዓይኔ ነው?» አሉ ጋሽ ሽኩር።

«ዕድሜ ነው ጋሼ፤ ለማን ይቀራል?»

የቆዳ ሽርጣቸውን ፈቱ። አጣጥፈው ሞርሳው ላይ አስቀመጡት። ማግኔቷን ግን አልወሰዱም። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ሁለት ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሻሹና የመንገዱን ማዶ አተኩረው አዩ። በትክክል ማየታቸውን ያረጋግጡ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ዓርብ ባለመኪናው መጣ፣ ጮኸ፣ እስከ ሰኞ ለምነን መለስነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። እኔ ምድጃውን ለኩሼ ቀረሁ። አሁን ጋሽ ሽኩር የሉም፤ ቢበላሽ በማን እንደማሳብብ አላውቅም። ጭንቀት ያላነበብኩትን መጽሐፍ አስነበበኝ። የምድጃውን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሳገላብጥ፣ የመቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ የቴርሞካፕሉን ዓይነት መምረጫ እንዳለ አየሁ።

ካቻቢቴ አንስቼ የጀርባውን ክዳን ፈታሁ። የጣት ጥፍር የማታክል ማዞሪያ አለች፤ ከላይዋ ፊደሎች ተጽፈዋል። ኬ ላይ ናት። ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ስምንት መቶ ሃምሳ ይላል። ማዞሪያዋን ጄ ላይ አደረግኳት።

ቁጥሩ ስድስት መቶ አርባ አንድ ሆነ።

ዘንጉን ከምስማሩ አውርጄ በሩን ከፈትኩና ማግኔቷን አስጠጋሁ። ጠቅ ብላ ተለጠፈች። ጋሽ ሽኩር ስድስት መቶ ሃምሳ ቢሞላ ነው ብለው ነበር። በባዶ ዓይናቸው የሳቱት ዘጠኝ ዲግሪ ነው። እኔ በማሽን የሳትኩት ከሁለት መቶ በላይ።

ምድጃው አሁን እውነተኛውን ስምንት መቶ ሃምሳ እስኪደርስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በሩን ስከፍት ረቡዕም ሐሙስም ያላየሁት ደማቅ ቀለም ፊቴን መታኝ። ማግኔቷ ብረቱን ነክታ ተመለሰች፤ አልያዘችውም። አንዱን ፒን ነክሬ ሞረድኩት። ሞረዱ አንሸራተተ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስልሳውንም ጨረስኩ።

የምዘላት ቦታ እነሆ እዚህ ናት።

ወይዘሮ አስካለ ነገሩ ቢያሳስባቸው ከቤት ተመልሰው መጡ። ሞረዱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። ፊታቸው በራ።

«ዘይቱ ላይ ማን ነበር?»

«እኔ።»

«አላልኩም! ምድጃው ምን አጠፋ! ይኸው ሌላ እጅ ሲነካው ጠነከረ። እኔ ደግሞ በሽማግሌው ላይ ግፍ የሠራሁ መስሎኝ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተመስገን!»

አፌን ከፈትኩ። እምላችኋለሁ፣ ልናገር ነው የከፈትኩት። ወዲያው አውሮፕላን መጣ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ወይዘሮ አስካለም እንደ ልማዳችን ፈገግ ብለው ፊት ፊቴን እያዩ ጠበቁኝ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ «ኢንጂነር» የሚለው ስሜ፣ ጄ የሚለው ካርቶን፣ ማግኔቷን ጡረታ ያስወጧት ያልኩት ሁሉ ታየኝ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ አፌን ዘጋሁት።

«ምን ልትል ነበር?» አሉኝ።

«ሰኞ መውሰድ ይችላሉ ልል ነው» አልኩ።

ሁለት ወር ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እያልኩ ኖርኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ሌላ ነገ ይወልዳል። አንድ ቀን ከላምበረት ወገን የመጣ የሌላ ቶርኖ ቤት ሰው፣ እኛ ጋ ዕቃ ሊያስቀርጽ መጥቶ ቆመን ስናወራ፣ «ያ የእናንተ ሽማግሌ እኛ ጋ ሥራ ሊገባ መጥቶ ነበር» አለኝ። «ወይዘሮ አስካለን ብንጠይቃት ዓይናቸው ደክሟል፣ እሳት ላይ አታስጠጓቸው አለችን። ተውነው።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኛሁ። እሑድ ዕለት ግን ቤታቸውን ጠይቄ ጉርድ ሾላ ሄድኩ። የሚስታቸው ወንድም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ምስማር ሲመዝኑ አገኘኋቸው። ወፍራም ጥቁር ክፈፍ ያለው መነጽር አድርገዋል። ሲያዩኝ መነጽሩን ገፋ አድርገው በላዩ አጮልቀው አዩኝ።

«ኢንጂነር! ምን እግር ጣለህ? ምድጃው ደህና ነው?»

ሻይ አስመጡልኝ። ሻዩ እስኪበርድ ድረስ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ካርቶኑን፣ ፊደሉን፣ ማዞሪያዋን፣ አውሮፕላኑን ሳይቀር። ስጨርስ የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ወለወሉት።

«ስንት ነበር?» አሉኝ።

«ስድስት መቶ አርባ አንድ።»

«እኔ ስንት ብዬህ ነበር?»

«ስድስት መቶ ሃምሳ ቢሞላ ነው ብለው ነበር።»

መነጽሩን አወለቁት። አፍንጫቸው ላይ ሁለት ቀይ ምልክት ትቷል። «እንግዲህ ይሄንን ምን ላድርገው?» አሉ። «ሐኪሙ ለዕድሜህ ደህና ዓይን ነው ያለህ አለኝ። አይ፣ አስካለ ያለ ምክንያት አትናገርም፣ ያ ልጅም ተምሯል ብዬ ከመንገድ ዳር ገዛሁት። ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ዓይኔ ቢሄድ ነው እንጂ ብዬ ቻልኩት።»

ይቅርታ አድርጉልኝ ብዬ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ።

«ለአስካለ ነግረሃታል?»

«ገና ነኝ ጋሼ።»

«እንግዲያ ከሁለታችን የማይቆጣህን መርጠህ መጣህ» አሉ። አልተቆጡም፤ እንደው እውነቱን ነው የተናገሩት። ከዚያ መነጽሩን አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት። «እንካ፤ ያንተ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ለወይዘሮ አስካለ ነገርኳቸው። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር። «ያን ቅዳሜ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ስልኩን አንስተው እፊቴ ለላምበረቱ ሰው ደወሉለት። «ስለ ጋሽ ሽኩር የነገርኳችሁ ሐሰት ነው። ያጠፋነው እኛ ነን» አሉት። እነሱ ግን ሌላ ሰው ቀጥረው ነበር። በዚያው ዕለት ራሳቸው ጉርድ ሾላ ሄዱ። ጋሽ ሽኩር ወንበር አውጥተው በክብር ተቀበሏቸው፤ ተመለሱ ሲባሉ ግን እምቢ አሉ። ወይዘሮ አስካለ እሳቸው ያሉትን ቃል ይዘውልኝ መጡ። «እሳት ፊት የሚቆም ሰው ዓይኑን መጠራጠር የለበትም። እኔ አሁን ቀለሙን ባይ፣ ይሆን እንዴ? ማለቴ አይቀርም።» ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምስማር መዘኑ።

ወይዘሮ አስካለ አላባረሩኝም። ቢያባርሩኝ በተሻለኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «ኢንጂነር» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ዓመት ሳይሞላኝ ራሴ ለቀቅኩ።

ሥራዬ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ምድጃና ሙቀት መለኪያ ነው። እስከ ቦሌ ለሚ ፋብሪካዎች ድረስ ይጠሩኛል። ቴርሞካፕል ስገዛ ፊደሉን ሦስት ጊዜ አነባለሁ፣ የመቆጣጠሪያውን ጀርባ ሳልከፍት ምድጃ አልለኩስም። ሰዎች ጠንቃቃ ነው ይሉኛል። ይህ ጥንቃቄ በማን እንጀራ እንደተገዛ አያውቁም። እናንተ አንባቢዎቼ ግን አሁን አውቃችኋል። የተሳሳተ ሽቦ መግዛት የማንም ወጣት ስህተት ነው፤ በደቂቃ ይታረማል፣ ያውም ጥፍር በማታክል ማዞሪያ። የኔ ጥፋት ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር ነው። ምናልባት ከእናንተም መካከል አውሮፕላኑ እስኪያልፍ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ካለ፣ ሲያልፍ እንዳይዘጋው።

አሁን ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። ለንባብ የሚሆን መነጽር ካደረግኩ ቆይቷል። የጋሽ ሽኩር ግን ከመሳቢያዬ አይወጣም፤ ልጆቼም የማን እንደሆነ ጠይቀውኝ አልመለስኩላቸውም። አድርጌው የማውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የቀብራቸው ዕለት፣ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቻልኩትም፤ ራሴን ፈለጠኝ።